ጁገል ውስጥ ገዛሁ ያሉት ቤት የማን ነው?

ጥያቄ፦ ሐረር በሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ መምህር ነኝ። በግንብ በታጠረው ጥንታዊው የሐረር ክፍል፣ ጁገል ውስጥ፣ አሮጌ የሐረሪ ቤት ገዝቻለሁ። ክፍል የምገባው በእግሬ ነው፤ ገበያውም፣ ሻይ ቤቱም፣ ሁሉም ደጄ ላይ ነው። ውሉን የቤተሰቡ ታላቅ ልጅ በሽማግሌዎች ፊት ፈርመውልኛል። ከገንዘቡ አብዛኛውን ከፍዬ ቁልፍ ተረክቤያለሁ። ካርታው ውጭ አገር ባለች እህታቸው እጅ ስለሆነ በቅርቡ ይመጣል ተብሏል። አሁን የጓሮውን ግድግዳ አፍርሼ በር ማውጣትና ለተማሪ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች መሥራት እፈልጋለሁ። ፈቃዱን ከየት ነው የማወጣው? የውሉን ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልሂድ። ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ጁገል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገንም ሆነ ለማደስ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ያስገድዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርስን ወደሚመለከተው የክልሉ ቢሮ ይሂዱ፤ ከዚያ ለግንባታ ፈቃዱ ወደ ማዘጋጃ ቤት። "የራሴ ግድግዳ ነው" ማለት አያዋጣም። ነደባውን (በሐረሪ ቤት ውስጥ ያለውን ከፍ ያለ መቀመጫ መደብ) አፍርሶ አልጋ ማስገባት፣ የድንጋዩን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን፣ እነዚህን ያለ ባለሙያ እንዳይሞክሯቸው። ለተማሪ ሲያከራዩ ደግሞ ውሉ በጽሑፍ፣ ክፍያው በባንክ ይሁን። የኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) አዲስ አበባንና ድሬዳዋን በስም ይጠቅሳል፤ በክልሎች የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ ቤቶችን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ቀድመው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ውሉ። ፎቶውን አጉልቼ አነበብኩት። በባለመስመር ደብተር ወረቀት የተጻፈ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ሻጩ "በሟች ወላጅ አባቴ ስም የተመዘገበውን ቤት ሸጫለሁ" ይላሉ። ከታች የእሳቸውና የሽማግሌዎቹ ፊርማ አለ። ሌላ ምንም የለም። የወራሽነት ማስረጃ ቁጥር የለም፣ የእህት ፊርማ የለም፣ የእናት ስም የለም። እርስዎም በደብዳቤዎ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ አልነገሩኝም። አልጠየቁም መሰለኝ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ገንዘቡን ሲያፈስ ማየት ያሳዝነኛል። ይህን የምልዎት ለማስከፋት አይደለም፤ ገና የሚድን ነገር ስላለ ነው።

አባት ሲሞት ቤቱ ለታላቅ ልጅ ብቻ አይተላለፍም። ውርሱ እስኪከፋፈል ድረስ የወራሾች ሁሉ የጋራ ንብረት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1266 የጋራ ንብረትን ለመሸጥ የባለድርሻዎች ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ሐረር ላይ የብዙ ቤተሰብ ውርስ የሚያልቀው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው፤ ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ ሕገ መንግሥቱም ይፈቅዳል። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ግን ሴት ልጅ ወራሽ ናት። ካርታው እጇ ላይ ያለው እህት ደግሞ የቤቱን ወረቀት የያዘች ብቻ አይደለችም። ድርሻ ያላት ሰው ናት። ካርታውን እስካሁን ያልላከችው ለምን ይመስልዎታል? ፖስታ ቸግሯት ይሆናል። ሽያጩን ጭራሽ አልሰማችም ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን እፈራለሁ።

ታላቅ ወንድም ከፍ ብሎ የሚከበርበት ቤተሰብ ውስጥ "እሱ ከፈረመ አለቀ" ይባላል። ሽማግሌዎቹም ቅን ሰዎች ናቸው፤ ያዩትን ነው የመሰከሩት። ገንዘብ ሲቀበሉ አይተዋል። ባለቤት መሆናቸውን ግን አላጣሩም፣ ማጣራትም አይችሉም። ሻጩ የራሳቸውን ድርሻ መሸጥ ይችሉ ይሆናል። ያኔም ቢሆን ሌሎቹ ወራሾች ቀድሞ የመግዛት መብት አላቸው። የእህትን ድርሻ ግን ካለ እሷ ፈቃድ ማንም ሊሸጥልዎት አይችልም።

በዚያ ላይ የመንደር ውል ነው። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ውላቸው የፈረሰባቸው ገዢዎች ብዙ ናቸው። ሻጩ ችሎት ቆመው "አዎ ሸጫለሁ" ቢሉ ክርክሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። የእሳቸው ማመን ግን እህታቸውን አያስርም። ውሉ ከፈረሰ የከፈሉት ይመለስልዎታል ይባላል፤ ሻጩ ገንዘቡን ቀድመው ከበሉት ግን ፍርዱን ይዘው መዞር ነው። በእርስዎ ወጪ የተሠራው ክፍልም ሌላ ሙግት ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ። "እህቴ ወክላኛለች" ብለው ወረቀት ሊያሳዩዎት ይችላሉ። ያንብቡት። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አይበቃም፤ አንቀጽ 2205 ለሽያጭ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ቤቱን የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲያችን በኩል ያለፈና እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ይሁን። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ውክልና አይደለም።

ስለዚህ ቀሪውን ገንዘብ ያቁሙ። ዛሬ። "አንድ ሺህ ብቻ ጨምርልኝ" ቢባሉም አይስጡ። ከዚያ የከተማው የይዞታ መዝገብ ዘንድ የቤቱን ማህደር ያስጣሩ፦ በማን ስም ነው፣ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ አለበት ወይ? በዚያው ቤቱ የግል መሆኑን ያረጋግጡ። በአዋጅ 47/1967 የተወረሰ የቀበሌ ቤት ሆኖ ከተገኘ ወራሾቹ ሁሉ ቢፈርሙም የሚሸጥ ነገር የለም። የግል ከሆነ ቤተሰቡ የወራሽነት ማስረጃ ያውጣ። እናት በሕይወት ካሉ የእሳቸው ድርሻም አይረሳ። ሁሉም ወራሾች ወይም ልዩ ወኪሎቻቸው ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ቀርበው አዲስ ውል ይፈርሙ፤ ቀሪው ክፍያ ያን ዕለት በባንክ ይሁን፤ የስም ዝውውሩም ወዲያው ይከተል። ቤቱ ቅርስ ስለሆነ ሽያጩን ለቅርስ ቢሮው አስቀድሞ ማሳወቅም አይዘንጋ።

ሻጩን በጠላትነት አይቅረቡ። ምናልባት እሳቸውም በቅንነት ነው የሸጡት። ሽማግሌዎቹን ይዘው ይሂዱና እህታቸውን በስልክ እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ። እምቢ ካሉ፣ ወይም "ምን አገናኛት" ካሉ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ጠበቃ ይያዙ፤ ገንዘቡን የማስመለስ ክስና ዕግድ የሚታሰበው ያኔ ነው።

እኔ በአንድ ፎቶና በአንድ ደብዳቤ ላይ ተመሥርቼ ነው የጻፍኩልዎ፤ ሙሉ ማህደሩን ያየ ጠበቃ የተለየ ነገር ሊነግርዎ ይችላል። ሐረር ያለ ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ የውሉን ዋና ቅጂ፣ የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኞችን፣ እጅ በእጅ የሰጡትን ገንዘብ ያዩ ሰዎችን ስምና ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን መልእክት ይዘው ይሂዱ። መልእክቶቹን ከስልክዎ አያጥፉ። ጉዳዩ እስኪጠራም የጓሮውን ግድግዳ አይንኩ፤ ተማሪም አያስገቡ።