ኔግሮኒን ቤት ውስጥ መለዋወጥ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኔግሮኒ ስለሚባለው መራራ ኮክቴል ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የላካችሁትን እነሆ ከነመልሱ።

ጥ፦ ዋናው አሠራር የቱ ነው?

መ፦ ጂን፣ ካምፓሪ (ቀይ መራራ የጣሊያን መጠጥ) እና ቀይ ጣፋጭ ቨርሙዝ (በዕፅዋት የተቀመመ ወይን)፣ እያንዳንዳቸው 30 ሚሊ ሊትር። በረዶ ላይ አማስለህ የብርቱካን ልጣጭ ጣል ታደርግበታለህ። በቃ።

ጥ፦ ጂን የለኝም። በምን ልተካው?

መ፦ ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው። ጂኑ ጉልበት ይሰጣል፣ ካምፓሪው ምሬት፣ ቨርሙዙ ጣፋጭነት። የምታስገባው መጠጥ የወጣውን ሥራ መሸፈን አለበት። ቦርቦን ውስኪ ከሆነ ቡልቫርዲዬ ይባላል፤ ውስኪውን 45 ሚሊ አድርገው። ጥቁር ሩምም ይሄዳል። ሜዝካል (ከአጋቬ ተክል የሚሠራ የሜክሲኮ አረቄ) ጭስ ጭስ ይላል። እኔ በጣም ነው የምወደው፣ ግን ሌላውን ሁሉ ይጫናል። መጀመሪያ ግማሹን ጂን፣ ግማሹን ሜዝካል አድርገህ ሞክረው። ቮድካ ግን ይቅርብህ፤ ያሰክርሃል እንጂ ጠረን የለውም።

ጥ፦ ለእኔ አልኮሉ በዛብኝ።

መ፦ ጂኑን ትተሽ ፕሮሴኮ (ጋዝ ያለው የጣሊያን ነጭ ወይን) ጨምሪበት፣ ስባልያቶ ይሆናል። በሶዳ ከሞላሽው ደግሞ አሜሪካኖ ነው፤ እሱ እንዲያውም ከኔግሮኒ በፊት የነበረ መጠጥ ነው።

ጥ፦ ምሬቱን አልቻልኩትም።

መ፦ በካምፓሪ ፋንታ አፔሮል፣ ምሬቱ ቀለል ያለ የጣሊያን መጠጥ። እሱ ስለሚጣፍጥ ቨርሙዙን ወደ 20 ሚሊ ቀንስ። ካምፓሪውን መተው ካልፈለግክ ደግሞ ቅንጣት ጨው ጨምርበት። ሳቅ ይመጣብህ ይሆናል፣ ግን ምሬቱን ያበርደዋል።

ጥ፦ ነጭ ኔግሮኒ የሚባለውስ?

መ፦ ዌይን ኮሊንስ የተባለ እንግሊዛዊ ባርቴንደር በ2001 የፈጠረው ነው። ካምፓሪው በሱዝ፣ ቀዩ ቨርሙዝ በሊሌ ብላንክ (የተቀመመ የፈረንሳይ ነጭ ወይን) ይተካል። ሱዝ ጄንሺያን ከሚባል ተክል ሥር የሚሠራ መራራ መጠጥ ስለሆነ ሊሌውን ትንሽ አብዛው። ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየሩት ሁሉ ሲሳካ ያየሁት ይሄ ነው። አንተ ግን ቤትህ ስትሞክር አንድ አንዱን ቀይር፤ ካልጣመህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ።

ጥ፦ ሼክ ባደርገውስ?

መ፦ አየር ይገባበትና ይደፈርሳል። ማማሰል ይሻላል።

ጥ፦ ቨርሙዜ ጣዕሙ ተቀየረ። ተበላሽቶ ነው?

መ፦ ቁምሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጪው መሰለኝ። ቨርሙዝ ወይን ነው። ከተከፈተ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ በአንድ ሁለት ወር ውስጥም ይለቅ። ብዙ ሰው ጂን እየለዋወጠ «አልጣመኝም» የሚለው በዚህ ጠርሙስ ምክንያት ነው።

ጥ፦ እንግዳ ሳይመጣ ቀድሜ ማዘጋጀት እችላለሁ?

መ፦ በደንብ። ለአንድ ሰው በምትቀላቅለው 90 ሚሊ ላይ 20 ሚሊ ያህል ውኃ ጨምር። ውኃው ስታማስል በረዶው ሊቀልጥ የነበረውን የሚተካ ነው። ጠርሙስ ውስጥ አድርገህ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው። ፕሮሴኮ ያለበትን ግን እንዳትሞክር፣ ጋዙ ያልቃል።

ጥ፦ ብርቱካን ከሌለስ?

መ፦ የግሬፕፍሩት ልጣጭ። ለነጩ ኔግሮኒማ ከብርቱካን ይሻላል።