የተላመደው ጀርሙ ነው፣ ወንድምሽ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ እዚሁ አዳማ ሆስፒታል ተኝቶ “መድኃኒት የተላመደ ቲቢ” ተብሏል። ክኒን እያቋረጠ ነው ወይ ያመጣው? መርፌው ጆሮ ያደነቁራል የሚባለውስ? ብለሻል። በቲቢ ክፍል ነርስ ሆኜ ዓመታት ቆይቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ወቀሳውን ተዪው። የተላመደው ጀርሙ ነው፤ መድኃኒቱ አይገድለውም ማለት ነው። መድኃኒት በማቋረጥ የሚመጣ አለ፤ ግን አንድም የቲቢ ክኒን ውጦ የማያውቅ ሰው የተላመደውን ጀርም ከሌላ ሰው በትንፋሽ ሊወስድ ይችላል።

ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት መላመዱን በ2 ሰዓት ገደማ ያሳያል። ግን የሚመረምረው የሰጡትን ነው። ስንቱ ምራቁን ተፍቶ ይመጣል መሰለሽ! አክታ ማለት ጠዋት አፍን ተጉመጥምጦ፣ ደጅ አየር ላይ ወጥቶ፣ በረጅሙ ተንፍሶ ከደረት ስሎ የሚያወጡት ወፍራሙ ነገር ነው። ኩባያውን ዘንበል አድርጌ እያየሁ “ይሄ ምራቅ ነው፣ ድገም” በማለቴ የተቀየመኝ ብዙ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ግን ይህ ምርመራ ሳይደረግለት 4 ወር የተለመደውን የቲቢ መድኃኒት ሲውጥ ቆይቶ እያሳለው ነው እኛ ጋ የደረሰው። የት እንደነበር ይቅር። ስለዚህ ሐኪሙ ድጋሚ አክታ ቢጠይቃችሁ አትናደዱ። ጀርሙ ሌሎቹንም መድኃኒቶች ተላምዶ እንደሆነ ማየት አለበት።

የመርፌው ወሬ የድሮ ነው። ያኔ ሕክምናው እስከ 20 ወር ይፈጅ ነበር፤ ወራት የሚወጉት መርፌ በእርግጥም የብዙ ሰው ጆሮ ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው 14 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑት 4 መድኃኒት ለ6 ወር ነው፦ ቤዳኩሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊንዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን። ሁሉም በአፍ። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ጭንቅላት የገባ ቲቢ ለምሳሌ ረዘም ያለ ሕክምና ይፈልጋል። በተለመደው አወሳሰድ ቤዳኩሊን ከ2 ሳምንት በኋላ በየቀኑ መሆኑ ይቀርና በሳምንት 3 ቀን ይሆናል፤ “መድኃኒት ቀነሱብን” ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ከምግብ ጋር ይውሰደው። መጠጥ ይቅርበት፣ ለጉበቱ ያስብ።

ዋናው ጉዳይ እግሩና ዓይኑ ነው። ሊንዞሊድ የእግርና የዓይን ነርቭን ይነካል፣ ደምም ያሳንሳል። አንዲት እናት ለክትትል ስትመጣ አንድ እግሯ ባዶ ነበር። ነጠላ ጫማዋ መንገድ ላይ ወልቆ አላወቀችም! ለካ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ እግሯ ደንዝዟል። “መድኃኒቱን እንዳትነሱኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት” አለችን። ሐኪሙ የሊንዞሊዱን መጠን አስተካከለላት፣ ሕክምናዋንም ጨረሰች። ሳትናገር ብትቆይ ድንዛዜው እዚያው ሊቀር ይችል ነበር። ቤዳኩሊን ደግሞ የልብ ምትን ስለሚነካ ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ ይነሳል፤ ቀጠሮው አይዘለል።

ቤት ያላችሁትም ተመርመሩ፣ በተለይ ልጆቹ። እሱ ተራውን ማስክ ያድርግ፤ ስትጠይቂው አንቺ ኤን95 የሚባለውን ፊት ላይ ጥብቅ የሚለውን ማስክ አድርጊ። የአዳማ ንፋስ አቧራ ያስገባል ብላችሁ መስኮት አትዝጉ፣ አቧራው ይጠረጋል። ነገ ስትሄጂ ደግሞ የእግር ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካሽ “ይሰማሃል?” በይው።