ልጄ የዳይኖሰር ልደት ይፈልጋል፤ ቤተሰቤ ግን ተኮራርፏል

ጥያቄ፦ የምንኖረው በጅማ ከተማ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቱና ወንድ ልጃችን። ልጃችን በሚቀጥለው ወር አምስት ዓመት ይሞላዋል። ከዳይኖሰር ሌላ ወሬ የለውም። ልደቱ የዳይኖሰር እንዲሆንለት ሲለምነኝ እሺ አልኩት። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ «እኛ ያለ ልደት አድገን ምን ጎደለብን? የፈረንጅ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» ይላል። አማቴ ደግሞ ልጁ ሌሊት እየባነነ የሚያለቅሰው ይህን አውሬ ሲያይ ስለሚውል ነው ብለው መጫወቻዎቹን ደብቀውበታል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በበኩሉ የዳይኖሰር ልብስ ተከራይቶ፣ ለብሶት ድንገት በመግባት ልጆቹን ሊያስደስት አስቧል። በዚህ ምክንያት ከተኮራረፍን ሰነበትን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ቤትዎ ውስጥ ያለው አለመግባባት አንድ ቢመስልም ባለቤትዎ፣ አማትዎና የባለቤትዎ ወንድም የሚያነሡት ጉዳይ የተለያየ በመሆኑ ለሁሉም አንድ መልስ መስጠት አይቻልም። አስቀድመው ሊያነጋግሩ የሚገባዎት ባለቤትዎን ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለቤትዎ የተቆጡት በወጪው ብቻ አይመስለኝም። ልጁ እሺ የተባለው አባቱ ሳይጠየቁ ነው። ከዚያ በኋላ አባት እንቢ ቢሉ ልጃቸውን የሚያስለቅሱ፣ እሺ ቢሉ ደግሞ ባልመከሩበት ጉዳይ የሚከፍሉ ሆኑ። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ አባቶች «አልተከበርኩም» ከማለት ይልቅ «ምን ያስፈልጋል» ማለት ይቀላቸዋል። ስለዚህ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ አማትዎም በሌሉበት፣ «ሳላማክርህ ቃል መግባቴ ልክ አልነበረም፤ አሁን አብረን እንወስን» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ ስለ ዳይኖሰር ሳይሆን ምን ያህል ገንዘብ ማውጣት እንደምትችሉ ተነጋግራችሁ ቁርጥ ያለ ልክ አስቀምጡ። ገንዘቡ ከተወሰነ በኋላ የቀረው ክርክር በእጅጉ እንደሚቀንስ በምክር ሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነው።

ለልጁ የተገባው ቃል ግን መታጠፍ የለበትም። አምስት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ የቤት በጀት አይገባውም፤ እናቱ የተናገረችውን ግን ያስታውሳል። ደግነቱ ቃል የገቡለት ዳይኖሰር እንደሚኖር እንጂ ድግሱ ትልቅ እንደሚሆን አይደለም። አምስት ወይም ስድስት ልጆች፣ ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ፣ አንድ ኬክ፣ ፈንዲሻና ዳቦ ይበቃሉ። ጎረቤቶቻችሁ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ከሆኑ፣ ሥጋ የሌለበት ማዕድ ማንንም አያሳቅቅም። ኬኩም በጾም ቀን የሚውል ከሆነ የጾም ኬክ ማዘዝ ይቻላል።

«የፈረንጅ ነገር» ለሚለው ደግሞ እውነቱ እንዲህ ነው። በአገራችን ሰሜን ምዕራብ ደጋማ ክፍል ከተገኙት ቅሪተ አካላት መካከል የዳይኖሰር ጥርሶች ይገኙበታል። እነዚህ እንስሳት በዚህ መሬት ላይም ኖረዋል። ይህን ልጁ ከአባቱ አፍ ቢሰማ እንዴት ደስ እንደሚለው አስቡት። ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ አንዳንድ ልጆች በአንድ ጉዳይ ብቻ ይመሰጣሉ፤ አንዱ በመኪና፣ ሌላው በእንስሳት። በዳይኖሰር ለሚመሰጥ ልጅ ነገሩ ተጨማሪ ደስታ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ሁሉም ሰው ከእርሱ በሚበልጥበትና በሚያዝዘው ዓለም ውስጥ፣ ትልልቆቹ እንኳ መጥራት የሚያቅታቸውን ስም እርሱ አሳምሮ ያውቀዋል። አባቱ ቁጭ ብለው «እስቲ ይኼ ምን ይባላል?» ብለው ቢጠይቁት፣ ያ ጥያቄ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጥበታል።

ለአባትየው ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራም አለ። ቲራኖሶረስ ሬክስ የሚባለው ሥጋ በል ዳይኖሰር ርዝመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርስ ነበር። አባትና ልጅ 12 ሜትር ገመድ ለክተው ከቤቱ በር ጀምረው በግቢው ይዘርጉት፤ ግቢው ካልበቃ ገመዱ ከአጥር በር ውጭ ይውጣ። በልደቱ ቀን ልጆቹ በገመዱ ላይ ተሰልፈው ስንት ልጅ እንደሚይዝ ይቁጠሩ።

የልብሱን ጉዳይ በተመለከተ ግን ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው፤ ይቅር። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሬታ ደ ቭሪስ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለትንንሽ ልጆች ሜይናርድ የተባለ ገራም ድመት አሳዩአቸው፤ ቀጥሎም ድመቱ የውሻ ጭምብል አጠለቀ። ከሦስት ዓመት ልጆች ብዙዎቹ ድመቱ በእርግጥ ውሻ እንደሆነ አድርገው አሰቡ፤ ስድስት ዓመት የሞላቸው ግን ጭምብል ብቻ መሆኑን በአብዛኛው ተረድተዋል። የእርስዎ ልጅና እንግዶቹ በእነዚህ ዕድሜዎች መካከል ናቸው። በተለይ ታናናሽ ወንድምና እህት ይዘው የሚመጡ ካሉ፣ ድንገት በር ከፍቶ የሚገባ ጥርሳም ፍጥረት ለእነርሱ አጎት አይደለም። ወንድምየው መርዳት ከፈለጉ፣ የካርቶን ጭምብል ይሥሩና ልጆቹ እያዩአቸው ያጥልቁት፣ እያዩአቸውም ያውልቁት፤ ከዚያም ልጆቹ ራሳቸው ይሞክሩት።

አሁን ወደ አማትዎ ልምጣ። በእርሳቸው ላይ ቅር መሰኘትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን መጫወቻ የደበቁት ለልጁ ሠግተው ነው፤ ሥጋታቸውም ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ልጁ ከመኝታ በፊት በስልክ ዳይኖሰር ሰው ሲያባርር የሚያሳይ ቪዲዮ የሚያይ ከሆነ፣ ይህ ለቅዠት ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ምሽት ላይ ስልኩ ይወሰድ። የፕላስቲክ መጫወቻው ግን ሌላ ነገር ነው። በገዛ እጁ የሚያስነሣውንና የሚያስተኛውን አውሬ መፍራት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ሲደበቅበት ደግሞ ነገሩ በእርግጥ የሚያስፈራ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ስለዚህ አማትዎን «ልክ ብለዋል፤ ስልኩን ማታ ማታ እንከለክለዋለን፤ መጫወቻዎቹን ግን እርስዎ ራስዎ ይመልሱለት» ቢሏቸው ክብራቸው ይጠበቃል።

በልደቱም ቀን አያት ድርሻ ይኑራቸው። የዛሬዎቹ ወፎች፣ የቤታችን ዶሮም ጭምር፣ የዳይኖሰር ዝርያ ናቸው፤ የዘር ሐረጋቸው በሁለት እግሩ ከሚሄደው ከሥጋ በሉ ወገን ይመዘዛል። ዶሮ በእርጥብ አፈር ላይ ስትረግጥ ሦስት ጣቶቿ ወደ ፊት ተዘርግተው ይታተማሉ፤ በድንጋይ ላይ ተጠብቀው የተገኙት የእነዚያ ዳይኖሰሮች ዱካዎችም ሦስት ጣት ያላቸው ናቸው። በጅማ እርጥብ አፈር ብርቅ አይደለም። አያት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንዲት ዶሮ ይዘው እግሯንና ቅርፊት የመሰለውን ቆዳዋን ለልጆቹ ቢያሳዩ፣ እንቁላልም ቢያስዳስሱ፣ በልጆቹ ዘንድ የዕለቱ ዋና አስተማሪ እርሳቸው ይሆናሉ። አሸዋ በሞላ ሳፋ ውስጥ መጫወቻ ቀብሮ በቀለም ብሩሽ እየጠረጉ ማውጣትም ልጆችን ረጅም ጊዜ ያቆያል፤ ዝናብ ቢመጣ ሳፋውን ወደ በረንዳ ማስገባት ብቻ ነው።

ልጁ «ሌሊት ይመጣል?» ብሎ ከጠየቀ «ዳይኖሰሮቹ ሰው ከመኖሩ በፊት ጠፍተዋል፤ ማንም ሰው በሕይወት አይቷቸው አያውቅም» ይበሉት። ለእርስዎ እንዲታወቅ ያህል፣ የጠፉት የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ድንቅነሽ እንኳ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

ስለ መባነኑ አንድ ነገር ልብ ብለው ይመልከቱ። ወደ ንጋት ገደማ ነቅቶ ያየውን የሚናገር ከሆነ ቅዠት ነው፤ አቅፈው ያረጋጉት፣ ጠዋትም ያየውን በሥዕል እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። በተኛ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዐይኑን ገልጦ እየጮኸ እርስዎን የማይለይ፣ ጠዋትም ምንም የማያስታውስ ከሆነ ግን የሌሊት ሽብር የሚባለው ነው፤ በዚህ ጊዜ እንዳይጎዳ አጠገቡ ሆነው ይጠብቁት እንጂ እየነቀነቁ ለማንቃት አይሞክሩ። ሁለቱም በዚህ ዕድሜ የተለመዱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ልጁ እያደገ ሲሄድ ይተዉታል። በየሌሊቱ የሚደጋገም፣ ቀንም የሚያስፈራው ወይም ትንፋሹ በእንቅልፍ ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ልደቱ እስኪያልፍ ሳይጠብቁ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወስደው ያስመርምሩት።