ዴስክቶፑ በፋይል ለተጨናነቀብህ

ፋይሉን እዛው ዴስክቶፕ ላይ አትከምረው፣ ሾርትከት (ስትነካው ዋናውን ፋይል የሚከፍትልህ አቋራጭ አይከን) ብቻ ነው እዛ መቀመጥ ያለበት። በየቀኑ የምከፍተው ኤክሴል ከመቶ ፋይል መሃል ይጠፋብኛል ስላልከው እንዲህ አርግ፦

1. ዲ ድራይቭ ካለህ እሱ ላይ፣ ከሌለህ ዶክመንትስ ውስጥ አንድ ፎልደር ክፈትና ሁሉንም ከት አርገህ ወደዛ ውሰደው።

2. በየቀኑ የምትከፍተውን ብቻ ራይት ክሊክ፣ ሴንድ ቱ፣ ከዛ ዴስክቶፕ የሚለውን። ዊንዶውስ 11 ከሆነ መጀመሪያ ሾው ሞር ኦፕሽንስን ካልነካህ ሴንድ ቱ አይመጣልህም፣ ለምን እንደደበቁት እንጃ።

3. ፕሮግራሞቹን ታስክባር (አይከኖች የሚደረደሩበት የስክሪኑ ግርጌ መስመር) ላይ ፒን አርጋቸው፣ ማለት እዛው እንዲቀመጡ። የዊንዶውስ ቁልፍና 1 አንድ ላይ ስትጫን የመጀመሪያው ይከፈታል፣ በ2 ሁለተኛው፣ ማውስም አያስፈልግህ።

ግን ሾርትከት ማለት ፋይሉ ራሱ አይደለም። እኔ አንዴ ከደብረ ሲና ጣርማበርን በዛ ጉም ወጥቼ ደብረ ብርሃን ድረስ ፕሪንት ላስደርግ ፍላሽ ይዤ ሄጄ ሲከፈት ለካ ኮፒ ያረግኩት ሾርትከቱን ኖሯል፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አይከኑ ጥግ ላይ ትንሽ የታጠፈች ቀስት ካየህ እሱን ፍላሽ ላይ አትጫን፣ ፎልደሩ ውስጥ ገብተህ ዋናውን ውሰድ።