ሁለት ያልታወቀ፣ አንድ እኩልታ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ። መምህራችን በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦች ሰጡን፤ ቦታቸው ሀ እና መ፣ መጠነ ቁሳቸው (ማስ) 1። ላግራንዢያኑ (የእንቅስቃሴው እኩልታ የሚወጣበት ቀመር) የፍጥነታቸው ልዩነት ካሬ ግማሽ ነው፤ ሌላ የለውም። ሁለቱን ሞመንተሞች (ላግራንዢያኑ ከየፍጥነቱ ጋር የሚለወጥበትን መጠን) ስደምር ዜሮ መጣብኝ። እኩልታውም ሀ እና መን ለየብቻ አይነግረኝም። ፊዚክስ መልስ አጣ ማለት ነው? ድምሩ ዜሮ ይሁን የሚለው ገደብስ የፔንዱለም ክር ከሚጥለው ገደብ በምን ይለያል?

መልስ፦ ልጄ፣ ስሌትሽ ልክ ነው።

እዚሁ ኮዬ ፈጬ ቁም ሳጥን ሊሠራልኝ የመጣው አናጺ ሜትሩ ጫፉ የተቆረጠ ነበር። ግድግዳው ዳር 10፣ በሩ ጋ 185 አነበበና እንጨቱ ላይ በእርሳስ 175 ብሎ ጻፈ። ስለ 10ሩ ማንም አልጠየቀውም። አሁን ነጥቦቹ እየተንቀሳቀሱ ሳለ አንድ ሰው ሜትሩን ከሥር እንዳሻው ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል በይ። የሁለቱም ንባብ በየቅጽበቱ እኩል ይዛባል፤ ልዩነቱ ግን ፍንክች አይልም። ላግራንዢያንሽ የሚያውቀው ይህንን ልዩነት ብቻ ነው። ሜትሩ የት እንደተጎተተ ከእሱ አትጠብቂ። የጌጅ ሲሜትሪ ይሄው ነው።

የሞመንተሞቹ ድምር ዜሮ የሆነው ገና እኩልታ ሳይፈታ ነው። ሁለት ተራ ነጻ ኳሶች ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱንም በአንድ ቋሚ ቁጥር ብቻ ነበር ማሸጋሸግ የሚቻለው፤ ድምሩም አይለወጥም እንጂ 5ም 7ም ሊሆን ይችላል። ያንቺ ግን ሽግሽጉ በየቅጽበቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ድምሩ ከዜሮ ሌላ ምርጫ የለውም። የሒሳብ ሊቋ ኤሚ ኖተር እ.ኤ.አ. በ1918 እነዚህን ሁለት ጉዳዮች በሁለት ቴዎረም ለይታቸዋለች። ክፍል ውስጥ የሚወራው የመጀመሪያው፣ የቋሚው ሽግሽግ፣ ብቻ ነው፤ ያሳዝናል።

የፔንዱለሙን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። የክሩን ርዝመት በገደብነት ስታስገቢ ላምዳ የሚባል ማባዣ ይመጣል። ገደቡ ሁሌም እንዲከበር ስታስገድጂው ላምዳ ራሱ ይወሰናል፤ የክሩ ውጥረት ሆኖ ይወጣል። በስፕሪንግ ሚዛን ልትለኪው ትችያለሽ። ያንቺ ሃሚልቶኒያን (ኢነርጂን በቦታና በሞመንተም የሚጽፈው ቀመር) ደግሞ የሀ ሞመንተም ካሬ ግማሽ፣ ሲደመር ላምዳ ሲባዛ በሁለቱ ሞመንተሞች ድምር ነው። ከዚያ፦

የመ ፍጥነት = ላምዳ
የሀ ፍጥነት = የሀ ሞመንተም + ላምዳ

ገደቡ፣ ማለትም የሞመንተሞቹ ድምር፣ በጊዜ ይለወጥ እንደሆነ ፈትሺ፤ ዜሮ ይሰጥሻል። ላምዳን የሚይዘው ነገር የለም። እስከ መጨረሻው ነጻ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፖል ዲራክ ያንቺን ዓይነት ገደብ አንደኛ መደብ፣ የፔንዱለሙን ሁለተኛ መደብ ይለዋል።

ላምዳ ነጻ ስለሆነ ምርጫው ያንቺ ነው፤ ለፈተና ከሆነ መ = 0 ብለሽ ወስኚ። ላምዳ ዜሮ ይሆናል፤ ሀ በቋሚ ፍጥነት የሚሄድ አንድ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ጓደኛሽ ሀ + መ = 0 ብላ ብትጀምር ላምዳዋ የሀ ሞመንተም ግማሽ፣ በኔጌቲቭ ነው። ሀ ሲቀነስ መ ግን ሁለታችሁም ጋ አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ አንዳችሁ ምልክት ስታችኋል።