ወንድሜ ከጦርነት ተመልሶ ከቁርባን ራቀ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ታናሽ ወንድሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ዘምቶ ተዋጋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት ተመለሰልን። ከዚያ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከቅጥሩ በር አያልፍም። «እጄ ደም ነው» ይላል። ሳንዘጋጅ የመጣብንን መከላከል ኃጢአት ነው? መቁረብስ አይችልም? እኔም አባታችን ሆይ ስደግም «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ቃሉ አልወጣ ይለኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ወንድምሽን በሕይወት መለሰልሽ። ድንገት የተጠቃ ሕዝብ ራሱን ቢከላከል ቤተ ክርስቲያን አትኮንነውም። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በበረሃ ሲጓዙ አማሌቅ መጣባቸው። የመታውም ደክመው ከኋላ የቀሩትን ነው። ሙሴ ያን ጊዜ «ዝም ብላችሁ ሙቱ» አላለም። ኢያሱ ወርዶ ተዋጋ፤ ሙሴ እጁን ዘርግቶ ጸለየ፤ አሮንና ሖርም እጁን ደገፉት።

እኛ ወሎዬዎች ይህን በአገራችንም አይተነዋል። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። በዚያው ዕለት አድዋ ከሰማይ ተደበደበች። ኅዳር 26 ደግሞ ቦምቡ ደሴ ላይ ወረደ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ጾመ ነቢያትም ገብቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ሊመሩ ደሴ ነበሩና ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኮሱ። ቀይ መስቀል የተሣለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በሽተኛ በተኛበት ላይ ቦምብ መጣል የአማሌቅ ሥራ ነው።

መንበራቸው ደሴ የነበረው አቡነ ጴጥሮስም ጠመንጃ አላነሡም። ካህን ደም ማፍሰስ አይፈቀድለትምና። አርበኞቹን እንዲያወግዙ ሲጠየቁ ግን እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ።

ታዲያ መከላከሉ ካልተኮነነ ወንድምሽ ለምን ይጨነቃል? እኔ ጭንቀቱን አከብረዋለሁ። «ጀግና ነህ፣ ምን አደረግህና ነው?» እያላችሁ አፉን አታስይዙት። ዳዊት እግዚአብሔር ፈቅዶለት የተዋጋ ንጉሥ ነው። ቤተ መቅደስ ልሥራ ሲል ግን «ብዙ ደም አፍስሰሃል» ተባለ። የሰው ደም፣ የጠላትም ቢሆን፣ በእግዚአብሔር ፊት ቀላል ነገር አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት የገደለን እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቆጠረውም። ሆኖም ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀብ ይሻላል ብሎ መክሯል። ይህን ይዛችሁ ግን እናንተ ቤት ውስጥ ዓመት አትቁጠሩለት። ቀኖናውን የሚሰጠው የንስሐ አባቱ ነው። ንስሐ ወንጀለኛ ነህ ተብሎ የሚፈረድበት ችሎት አይደለም፤ የቆሰለ ሰው የሚታከምበት ነው። ወንድምሽ ቆስሏል። እንዲቆርብ የቤተ ክርስቲያን በር ክፍት ነው፤ በንስሐ ይግባ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አማሌቅ የሚለውን ስም አንሥተው ለአንድ ሕዝብ የሚሰጡ አሉ። ይህ ትልቅ ኃጢአት ነው። የተኮሰብን ሰው አለ፤ ያዘዘም አለ። እናቱ፣ የገበያ ጎረቤቱ፣ ቋንቋውን የሚናገር ሁሉ ግን አልተኮሰብንም። መጥምቁ ዮሐንስ ወደ እርሱ ለመጡ ወታደሮች «በማንም ግፍ አትሥሩ» ብሏል። በንጹሕ ሰው ላይ የተሠራ ግፍ ካለ፣ ወንድምሽ ራሱን ለመከላከል ከተኮሰው ለይቶ በግልጽ ይናዘዘው።

ስለ አንቺ፦ አባታችን ሆይን አትተዪው። ይቅርታ ማለት አልተበደልንም ማለት አይደለም። ፍርድ ቤት ሄዶ መጠየቅንም አይከለክልም። በቀሉን ለእግዚአብሔር መተው ነው። ዛሬ ካልቻልሽ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ቃል ከልቤ ማለት አልቻልኩም፤ አንተ አስችለኝ» ብለሽ ቀጥዪ። ይህም ጸሎት ነው።

ወንድምሽን ደግሞ በግድ አትጎትቺው። መዝሙር 50ን አብራችሁ ድገሙ። «ከደም አድነኝ» የሚለው እዚያ ውስጥ አለ። ከንስሐ አባቱ ጋር የሚገናኝበትን ቀን አንቺ ያዢለት፤ እስከ በሩም አብረሽው ሂጂ። የክርስትና ስሙን ላኪልኝ፤ እኔም በጸሎቴ አስበዋለሁ።