«መስታወቱን ተወውና ስለ ጣሪያው እናውራ»፦ በሞቃትና አውሎ ነፋስ በሚበዛበት ቦታ ሰንሩም ስለመሥራት

አሉሚኒየምና መስታወት ስገጥም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰንሩም የምንለው ከቤቱ ጋር ተያይዞ የሚሠራውን፣ ዙሪያውን በመስታወት የተዘጋውን ክፍል ነው። ብርድ ባለበት አገር ፀሐይ ለመሰብሰብ ይሠሩታል። ሙቀትና አውሎ ነፋስ ባለበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይዋን ማስቀረት አለብህ፣ ጣሪያው ደግሞ እንዳይበር መሬት ድረስ ማሰር አለብህ። «ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ» ብዬ ነበር፤ ጎረፈልኝ። እንደመጣ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከሳሎኔ ጀርባ ክፍት በረንዳ አለ። ግድግዳውንም ጣሪያውንም መስታወት ላደርገው ነው፤ ማታ ማታ ኮከብ እያየሁ መቀመጥ ያምረኛል። ምን ዓይነት መስታወት ልግዛ?

ወንድሜ፣ መስታወቱን ለጊዜው ተወውና ስለ ጣሪያው እናውራ። በሩ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ? መሪው እጅ ያቃጥላል፣ የቀበቶው ብረት አይነካም። የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ይገባና ዕቃውን ያሞቀዋል። የሞቀው ዕቃ መልሶ የሚለቀው ሙቀት ግን በመስታወት አልፎ አይወጣም። ሰንሩምም ያው ነው፤ ጎማ የለውም እንጂ።

ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ደግሞ በዋናነት የሚመታው ጣሪያው ነው። ስለዚህ ጣሪያህ ድፍን ይሁን፤ ውስጡ የሙቀት መከላከያ ይኑረው፣ ላዩ ነጣ ያለ ይሁን። ኮከቡ ካልቀረልህ አንድ ትንሽ የጣሪያ መስኮት አስወጣ፣ ከውጭ የሚዘጋ መሸፈኛ ያለው። ሙሉ የመስታወት ጣሪያ አሠርተው፣ አንድ በጋ ሳያልፍ ሸራ ያለበሱ ደንበኞች አሉኝ። በዚያ ገንዘብ መስታወት ገዝቶ ሸራ ማልበስ!

ጥያቄ፦ ቤቴ በሦስት በኩል ቦታ አለው። በየት በኩል ብሠራው ይሻለኛል?

ምዕራቡን ይተዉት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ በግንባር ትገባለች፤ የጣሪያው ክፈፍ የቱንም ያህል ወደ ውጭ ቢወጣ አያስቀራትም። ያውም አየሩ ራሱ በጋለበት ሰዓት ነው። ምሥራቅም ፀሐይ አለው፣ ግን የጠዋት ነው፤ ይቻላል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ራቅ ብለው የሚኖሩ ከሆነ ወደ ሰሜን የዞረው ጎን ቀዝቀዝ ይላል፤ ወደ ደቡብ ራቅ ካሉ ተቃራኒው ነው። ከምዕራብ ሌላ አማራጭ ከሌለ ያንን ጎን እስከ ወገብ ድረስ ግንብ ያድርጉትና ከውጭ መከለያ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ሊገጥምልኝ የመጣው ባለሙያ «ባለ ሁለት ንብርብር መስታወት ካደረግሽ ሙቀት የሚባል ነገር አታይም» አለኝ። ልመነው?

ግማሹን እመኚው። ሁለት ንብርብር ሲሆን የውጪው አየር ሙቀት በቀላሉ አይገባም፤ እውነት ነው። የፀሐይዋ ጨረር ግን ሁለቱንም አልፎ ዘው ይላል። መጠየቅ ያለብሽ ቁጥር «ሶላር ሂት ጌይን ኮኤፊሸንት» ይባላል። ከፀሐይዋ ሙቀት ምን ያህሉ ወደ ውስጥ እንደሚያልፍ የሚነግር፣ ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር ነው። ተራ ነጠላ መስታወት ከ0.8 በላይ ነው። ለሞቃት ቦታ 0.25 ወይም ከዚያ በታች ፈልጊ። እዚያ የሚያደርሰው «ሎው-ኢ» የሚባለው በዓይን የማይታይ ስስ የብረት ቅብ ነው። በሙቅ አገር ቅቡ መቀመጥ ያለበት በውጪኛው መስታወት የውስጥ ገጽ ላይ ነው።

መሸጡን ይሸጡታል፣ ገልብጠው የሚገጥሙት ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ራስሽ አጣሪ። መሸት ሲል ከውጭ ቁሚና ላይተር አብርተሽ መስታወቱ ፊት ያዢ። አራት የነበልባል ምስል ይታይሻል፤ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ። ከአራቱ አንዱ ቀለሙ ለየት ይላል፤ ቅቡ ያለው እዚያ ነው። ለአንቺ ከሚቀርበው ቆጥረሽ ሁለተኛው ከሆነ ልክ ነው። ሦስተኛው ከሆነ ተገልብጧል፤ ሰውዬው ክፍያውን ሳይቀበል ጥሪው።

ጥያቄ፦ ቴምፐርድና ላሚኔትድ የሚሉት ልዩነቱ ምንድን ነው? ቴምፐርድ በጣም ጠንካራ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጠንካራ ነው፣ ከተራው አራት እጥፍ ገደማ። ሲሰበርም ሰው እንዳይቆርጥ እንደ ጠጠር ረግፎ ይወርዳል። ችግሩ መርገፉ ላይ ነው፤ ከረገፈ በኋላ ያለህ ቀዳዳ ነው።

ላሚኔትድ ሁለት መስታወት ሆኖ መሃሉ ላይ የተጣበቀ ላስቲክ አለው። ሲመታ ይሰነጠቃል፣ የሸረሪት ድር ይመስላል፣ ግን ቦታውን አይለቅም። በአውሎ ነፋስ ጊዜ ዋናው ነገር ይሄ ነው። አንድ መስኮት ከተከፈተ ነፋሱ ገብቶ ጣሪያውን ከታች ይገፋዋል። በላይ በኩል የሚያልፈው ነፋስ ደግሞ ወደ ላይ ይስበዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ጣሪያው ይሄዳል። ሰው «ነፋሱ ጣሪያዬን ወሰደው» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የጀመረው ግን ከመስኮቱ ነው።

ለአውሎ ነፋስ የተሠራ መስታወት ሲፈተሽ 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጣውላ በሰከንድ 15 ሜትር ፍጥነት ይተኮስበታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በግፊት በተደጋጋሚ ይገፋል፣ ይሳባል። ሻጩን የምትጠይቀው ፍሬሙና መስታወቱ አንድ ላይ የተፈተሹበትን ማስረጃ ነው። ጎበዝ መስታወት ሰነፍ ፍሬም ላይ ከተገጠመ ከነፍሬሙ ይወጣል። ሌላው ጥቅም፣ ያ ላስቲክ አልትራቫዮሌቱን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል፤ የሶፋህ ቀለም ቶሎ አይለቅም።

ጥያቄ፦ ነፋሱ እውነት ያን ያህል ይገፋል? ትንሽ ያጋነናችሁ መሰለኝ።

እናስላው። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በግንባሩ የመታውን እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ1500 ኒውተን ይገፋል። 150 ኪሎ እንደ መጫን ማለት ነው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነ አንድ መስታወትዎ ላይ 750 ኪሎ ሊያርፍ ነው፤ ግማሽ መኪና ተደግፎታል በሉት። የጣሪያ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሌላው የሚዘነጋው፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። «ያለፈውን ችሎታል» የሚል ነገር ለዚህ ነው የማልወደው።

ጥያቄ፦ አዲሱን ጣሪያ ነባሩ ጣሪያ ጫፍ ላይ ባለው ጣውላ አንጠልጥለን፣ ምሰሶዎቹን በረንዳው አርማታ ላይ በብሎን ልናስር ነው። ወለሉ ስላለ ወጪ ቆጠብን።

እህቴ፣ እባክሽ ሥራውን አስቁሚው። የጣሪያው ጫፍ ጣውላ አሸንዳ እንዲሸከም እንጂ ክፍል እንዲሸከም አልተሠራም። የበረንዳ አርማታም አብዛኛውን ጊዜ አሥር ሴንቲ ገደማ ውፍረት ያለው፣ ከሥሩ መሠረት የሌለው ነው። ወደ ታች የሚጫነውን ሊችል ይችላል። አውሎ ነፋስ ግን ወደ ላይ ነው የሚጎትተው፤ ብሎኑ የያዘውን ሲሚንቶ ይዞ ይነቀላል።

ነገሩን እንደ ሰንሰለት እዪው። የጣሪያው ቆርቆሮ ከሞራሌው፣ ሞራሌው ከአግዳሚው፣ አግዳሚው ከምሰሶው፣ ምሰሶው ከመሠረቱ፣ መሠረቱ ከመሬቱ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ወደ ላይ ሲጎተት የሚይዝ ነገር መኖር አለበት። ሚስማር ብቻውን አይበቃም፤ ጣውላው ላይ የሚጠመጠም የብረት ማሰሪያ ያስፈልጋል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እጅግ ደካማው ጋ ነው፤ ዘጠኙን አጠንክረሽ አሥረኛውን ብትረሺ ዘጠኙን በከንቱ ገዝተሻል።

አዲሱ ክፍል የራሱ መሠረት ይኑረው። አዲስ መሠረት ትንሽ መስመጡ አይቀርም፣ ነባሩ ቤት ደግሞ ሰምጦ ጨርሷል። ስለዚህ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ለመንቀሳቀስ የሚሆን ክፍተት ይተዋል። ስሌቱን መሐንዲስ ይሥራልሽ፣ ፈቃዱም ይውጣ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል አደጋ ሲደርስ ኢንሹራንስ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ፖሊካርቦኔት ጣሪያስ? ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ዋጋውም ደህና ነው።

ፖሊካርቦኔት ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ የፕላስቲክ ሉህ ነው፤ በረዶ ሲዘንብ ጎበዝ ነው። ግን አንድ ጉድ ልንገርህ። መጀመሪያ የሠራሁት የራሴው ቤት ላይ ነበር። አራት ሜትር ርዝመት ያለውን ሉህ በብሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት፤ ኮራሁበትም። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው «ቋ! ቋ!» ማለት ጀመረ። ማታ ሲቀዘቅዝ እንደገና። ባለቤቴ ሌባ መስሏት አስነሳችኝ።

ፖሊካርቦኔት ሲሞቅ ይለጠጣል። ለእያንዳንዱ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.065 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አራት ሜትሩ በ40 ዲግሪ ልዩነት አንድ ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እኔ የት እንዲሄድ ነበር የጠበቅኩት? ቀዳዳዎቹን ቀስ በቀስ አሰፋቸው፤ ሁለተኛው ዝናብ ላይ ሶፋው ራሰ። አሁን ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍቼ እበሳለሁ፣ ከጎማ ሮንደላ ጋር አስራለሁ፣ ጠርዙ ላይም ክፍተት እተዋለሁ። ደግሞ ፀሐይ የሚችለው ገጽ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ የሸፈነው ላስቲክ ላይ ተጽፏል፤ ሳታነበው አትላጠው።

ጥያቄ፦ የተሠራው ዓምና ነው። አዲሱ ጣሪያ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ያፈሳል። ሦስት ጊዜ ሲሊኮን ተቀባ።

አራተኛውን አይቀቡ። ሲሊኮን ደጋፊ ነው እንጂ ዋና ተከላካይ አይደለም፤ ፀሐይና እንቅስቃሴ ይሰነጥቀዋል። የጎደለው ፍላሺንግ ነው፣ የታጠፈ ላሜራ። አንዱ ጫፉ ግድግዳው ውስጥ በተቆረጠ ቦይ ይገባል፣ ሌላው ጣሪያው ላይ ይተኛል። ግድግዳው ላይ ብቻ ተለጥፎ ከሆነ ውኃው ከጀርባው ይገባል።

አሸንዳውንም ይዩት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያዎ 20 ካሬ ከሆነና 50 ሚሊ ሜትር ከወረደ 1000 ሊትር፣ ማለትም አንድ ቶን ውኃ መውጫ ይፈልጋል። የዋናው ቤት ጣሪያም እዚያው ላይ የሚያፈስ ከሆነ እሱንም ይደምሩበት። አሸንዳው ሞልቶ ከፈሰሰም ወደ ውጭ እንጂ ወደ ግድግዳው እንዳይፈስ ሆኖ ይገጠም።

ጥያቄ፦ ከሳሎን ጋር ያለውን በር አንስቼ አንድ ሰፊ ክፍል ላድርገው? ኤሲው ለሁለቱም ይበቃል?

በሩን እንዳትነካው። አሁን ያለህ ኤሲ የተለካው ለሳሎኑ ነው፤ ሰንሩሙን ስትጨምርበት ሁለቱንም አያቀዘቅዝም። ለብቻው ትንሽ ስፕሊት ኤሲ ስጠው፣ በማትቀመጥበት ሰዓት ዝጋው። ከዚያ በፊት ግን ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ፣ ከላይ ጣሪያው ሥር ሙቁን የሚያስወጣ መስኮት፣ የጣሪያ ማራገቢያም ይኑርህ። መጋረጃው ከውጭ ይሁን። ከውስጥ የሰቀልከው መጋረጃ ሙቀቱን የሚያገኘው ከገባ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አውሎ ነፋስ ሲመጣ መስታወቱ ላይ በፕላስተር መስቀል እንሠራለን። መስኮትም ትንሽ ከፈት እናደርጋለን፣ ግፊቱ እንዲመጣጠን።

ሁለቱም አይጠቅሙም። ፕላስተሩ መስታወቱን አያጠነክረውም፤ ሲሰበር ትላልቅ ስባሪ ሊያደርገው ይችላል። የተከፈተው መስኮት ደግሞ ቅድም ያልኩት ቀዳዳ ነው፣ በገዛ እጅዎ የተከፈተ። ሁሉንም ይዝጉ፣ መከለያ ካለ ይግጠሙ፣ እርስዎም ከዚያ ክፍል ወጥተው መስኮት የሌለበት ውስጠኛ ክፍል ይግቡ።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳርቻ ላይ ነን። ብሎኑ በሁለት ዓመት ዛገ።

316 የሚባለውን ስቴንለስ፣ ዝገት የሚቋቋመውን ብረት፣ ተጠቀሙ። እሱም ከአሉሚኒየም ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ መሃል ላይ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንደላ አስገቡ። በጨው አየር ሁለት የተለያየ ብረት ሲነካካ አሉሚኒየሙ ይበላል።

ጥያቄ፦ የልጄ መኝታ ቤት መስኮት አሁን ወደ ሰንሩሙ ሊከፈት ነው። ችግር አለው?

አለው። ብርሃኑና ንጹሕ አየሩ ይቀንሳል፤ እሳት ቢነሳም የምታመልጥበት መስኮት ወደ ሌላ ክፍል ያስገባታል እንጂ ውጭ አያደርሳትም። ወይ ሌላ መስኮት ክፈቺላት፣ ወይ ሰንሩሙን ፈቀቅ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ሥራው ሊያልቅ ነው። ስረከብ ምን ልይ?

የውኃ ጎማ ይዘህ ውጣ፣ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቁም። ከታች ጀምር። እያንዳንዱን መጋጠሚያ አሥር ደቂቃ ያህል አርጥበህ ወደ ላይ ውጣ። ከላይ ከጀመርክ ውኃው ሁሉ ቦታ ይወርድና የት እንደገባ አታውቅም። ኮርኒሱ ገና ካልተዘጋ ደግሞ ዛሬውኑ ሂድና እያንዳንዷን የብረት ማሰሪያ ፎቶ አንሳ፤ ሚስማር የጎደለበት ቀዳዳ ካየህ እዚያው ቆመህ አስሞላ። ከተዘጋ በኋላ ማንም አይከፍትልህም።